ወደ ቦዬ ያልሄደችው ኤሊ፦ ከጅማ የአንድ ቤት የጉዳይ ጥናት

በግንቦት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ጅማ ውስጥ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ያለች ጎረቤቴ ልጇን ልካ «መምህር፣ ሲመችዎት ብቅ ይበሉልን» አለችኝ። የባዮሎጂ መምህር በመሆኔ በሰፈሩ የታመመ ዶሮም ሆነ ቅጠሉ የጠወለገ የአቮካዶ ችግኝ ወደ እኔ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ ይህንንም እንደዚያው ገመትሁ። በረንዳው ላይ የጠበቀችኝ ግን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ድንጋይ ላይ ወጥታ አንገቷን ወደ ፀሐይ ያስረዘመች የውሃ ኤሊ ነበረች። ከዓይኗ ኋላ፣ ጆሮ ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ በግራም በቀኝም በበርበሬ የተቀባ የሚመስል ቀይ መስመር አላት። የቤቱ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ኤሊዋን ቦዬ ረግረግ ወስደው ሊለቋት አስበዋል፣ እኔ የተጠራሁት ውሃው ይስማማት እንደሆነ እንድነግራቸው ነው። ቀጥሎ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች ኤሊ ያየሁትን፣ የለካሁትንና ከቤተሰቡ ጋር የወሰንነውን ነው። በቃላችን መሠረት የማንንም ስም አልጠቅስም።

ኤሊዋ ጅማ የገባችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ዱባይ ሠርታ የምትኖረው የልጆቹ አክስት ለዒድ ስትመጣ ለእህቷ ልጆች ከያዘቻቸው ስጦታዎች አንዷ ነበረች። እናትየው እንደምታስታውሰው ያን ጊዜ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የምትበልጥ፣ ጀርባዋ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ፣ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ ዘንባባ በተተከለበት ትንሽ ሳህን የምትኖር ፍጥረት ነበረች። አክስቲቱ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በእጅ ሻንጣዋ ይዛት ስትመጣ በመንገዷ ሁሉ ምንነቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሻጩ «ከዚህ አታድግም» ብሎ አስተማምኗት ነበር፤ በዚህ ንግድ ውስጥ የተለመደ፣ ነገር ግን ፍጹም ሐሰት የሆነ ቃል ነው። በደንብ የተመገበች የዚህ ዝርያ ሴት የጀርባ ቅርፊቷ ርዝመት 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ፣ ዕድሜዋም 30 ዓመት ሊሞላ ይችላል።

እኔ በለካኋት ቀን የቅርፊቷ ርዝመት 19 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከሳህኑ ወደ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከዚያ ወደ ባልዲ፣ በመጨረሻም ወደ ሳፋ ተዛውራለች። እንደ ዶሮ ደረቅ ላይ የምትጥል ሳትሆን የምትበላውም የምታስወጣውም ውሃ ውስጥ በመሆኑ ሳፋው በሁለተኛው ቀን ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ጀሪካን ተራ በሚያዝበት ሰፈር ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ አንድ ሳፋ ውሃ መድፋት ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹ ጀርባዋን እያንኳኩ በኦሮምኛ «ቆጫ» (ኤሊ) የሚሏት ጊዜ አልፎ ሥራው በእናትየው ላይ ወድቋል። የቤቱ አያት በበኩላቸው ሌላ ምክንያት ነበራቸው። «ነፍስ ያላት ፍጥረት በሳፋ ታስራ ሳይ ሆዴን ይበላኛል፤ ሰፊ ውሃ ላይ ልቀቋት፣ አጅር ታገኛላችሁ» አሉኝ።

የእኚህን እናት ንግግር ከፊት ያስቀመጥሁት ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ይህ ዝርያ ከአህጉር ወደ አህጉር የተሻገረው በነጋዴ ካርቶን ሲሆን ከካርቶኑ ወጥቶ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የገባው በአብዛኛው እንደ እርሳቸው ባሉ ርኅሩኅ ሰዎች እጅ ነው። ክፉ አስቦ ኤሊ ወንዝ ውስጥ የሚጥል ሰው እምብዛም የለም። ስለዚህ እርሳቸውን «ተሳስተዋል» ብሎ መነሣት ጉዳዩን ካለመረዳት የሚመጣ ነው፤ መነሣት የነበረብኝ የኤሊዋን ማንነት ከማስረዳት ነበር።

ሳይንሳዊ ስሟ ትራኬሚስ ስክሪፕታ ኤሌጋንስ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ቀይ ጆሮ ኤሊ እላታለሁ። ከአገራችን የውሃ ኤሊዎች ለመለየት ቀዩን መስመር ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ መስመሩ በዕድሜ ሲደበዝዝ ግን ሌላ መለያ ያስፈልጋል። የቤቱን ልጅ አስጠርቼ እያየች በጣቴ ወደ ኤሊዋ አፍንጫ ጠጋ ስል ኤሊዋ ራሷን ቀጥ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችና አንገቷ እንደ ተሰበሰበ ካልሲ ተጨማደደ። በአገራችን ኩሬዎች የሚገኘው ባለ ቡናማ ቅርፊት የውሃ ኤሊ ቢሆን ኖሮ አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ራሱን ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸጉጥ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ሁለቱ የኤሊ ወገኖች ከተለያዩ እጅግ ረጅም ዘመን ያለፋቸው መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። የፊት ጥፍሯ አጭር፣ ጅራቷም ቀጭን ስለነበር ሴት መሆኗን በዚያው አረጋገጥሁ፤ ወንዶቹ የፊት ጥፍራቸው ረጅም፣ ጅራታቸው ወፍራም ነው።

የትውልድ አገሯ የሰሜን አሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሉዊዚያና ግዛት በኩሬ እያራቡ ጫጩቶቹን ለልጆች መጫወቻነት መሸጥ ተጀመረ። ንግዱ ሲስፋፋ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከኤሊ ወደ ሕፃናት መተላለፉ ስለታወቀ የአሜሪካ መንግሥት በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥን ከለከለ። ክልከላው ግን በአገር ውስጥ ገበያ ላይ ብቻ ስለነበር አርቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ፤ ከ1989 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ ከ52 ሚሊዮን በላይ ቀይ ጆሮ ኤሊዎች ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገሮች ተልከዋል። አንድ አገር ለልጆቹ ጤና ሲል ያገደውን ዕቃ ለሌሎች ልጆች መላኩ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የአውሮፓ ኅብረት በ1997 እ.ኤ.አ. የዚህችን ንዑስ ዝርያ ማስገባት ሲያግድ ነጋዴዎቹ በጉንጯ ላይ ቢጫ ምልክት ያላትን የቅርብ ዘመዷን ማስገባት ቀጠሉ፤ ሁኔታው እስኪስተካከልና ዝርያው በሙሉ ከውጭ ገብተው የአገሩን ፍጥረት በሚጎዱ ወራሪ ዝርያዎች የኅብረቱ መዝገብ እስኪገባ ድረስ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ጊዜ ወስዷል። ለእኛም የሚጠቅመው ዝርዝር ይህ ነው፤ ሕግ በአንድ ስም ላይ ብቻ ከተጻፈ ንግዱ በሌላ ስም ይመለሳል።

ጎረቤቴ ባስጠራችኝ ሰሞን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን፣ ማለትም በግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጃፓን ቀይ ጆሮ ኤሊን መሸጥንና ወደ ተፈጥሮ መልቀቅን የሚከለክል ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። የጃፓን የአካባቢ ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በአገሪቱ ወንዞችና ኩሬዎች ስምንት ሚሊዮን ገደማ ቀይ ጆሮ ኤሊዎች ነበሩ፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነችው የጃፓን ኩሬ ኤሊ ቁጥር ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ብቻ ይጠጋ ነበር። ጃፓኖች ደንቡን ሲያወጡ በየቤቱ ያሉትን ማሳደግ አልከለከሉም። ምክንያቱም በአንድ ሌሊት ማሳደግ ቢከለከል ባለቤቶቹ ቅጣት ፈርተው በጨለማ ወደ ወንዝ እንደሚጥሏቸው ስለታሰበ ነው። ይህን ለጎረቤቴ ባል ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «እንግዲያው እኛም መልቀቅ የለብንም ማለት ነው?» አለኝ። የእርሱ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለነበረው ንግግር በር ከፈተ።

ቀጥሎ ያነሣው ክርክር ተገቢ ነበር። «አንድ ብቻዋን ናት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ቦዬን የሚያህል ውሃ ላይ ምን ታመጣለች?» አለ። እውነት ነው፤ ጫጩት ሆና ከእህት ወንድሞቿ የተለየች ሴት ብቻዋን አትራባም። ነገር ግን በሌላ ሰፈር፣ ሌላ አክስት ያመጣችው ሌላ ኤሊ ካለ፣ ያኛውም ቤተሰብ «አንድ ብቻ ናት» ብሎ ያስባል። በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በጣሊያንና በደቡብ ፈረንሳይ ዛሬ በዱር እየተራቡ ያሉት እንዲህ በአንድ በአንድ የተለቀቁት ናቸው። ከዚህም ሌላ የማትራባ ኤሊም ቢሆን ለአሥርተ ዓመታት ትበላለች፣ ቦታ ትይዛለች። በልጅነቷ የምትመገበው በአብዛኛው የውሃ ነፍሳትን፣ የእንቁራሪት ልጆችንና ትናንሽ ዓሦችን ሲሆን ስትጎለምስ ዕፅዋትም ትጨምራለች። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና ረግረጎች በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች መኖሪያ ናቸው።

ፀሐይ የመሞቅ ጉዳይም አለ። ለኤሊ ፀሐይ መሞቅ መዝናናት አይደለም፤ ሰውነቷ ራሱን ስለማያሞቅ የበላችውን የምትፈጨውና ከበሽታ የምትከላከለው በፀሐይ በሚገኝ ሙቀት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቀይ ጆሮ ኤሊዎችንና የአውሮፓ ኩሬ ኤሊዎችን በአንድ ኩሬ አኑረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች የአገሩ ተወላጆች ምቹውን መሞቂያ ለእንግዶቹ እየለቀቁ እንደሚርቁ፣ አብረው በቆዩ ቁጥርም ክብደታቸው እየቀነሰ ብዙዎቹ እንደሚሞቱ አይተዋል። ጠብ አልነበረም፤ ግንድ ላይ የነበረ ቦታ ተወሰደ፣ በቃ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያውን ከመቶ ክፉ ወራሪዎች ተርታ የመደበውም እንዲህ ዓይነቱ ጸጥተኛ ጉዳት በብዙ አገር ስለታየ ነው።

ወደ ጅማ ውሃዎች ስንመለስ ነገሩ ከቦዬ አያበቃም። የአዌቱ ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከቦዬ የሚወጣው ውሃ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን ግድብ ሞልቶ ወደ ጊቤ፣ ጊቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። በቱርካና ዳርቻ ደግሞ ከዚያ አካባቢ ውጭ የትም የማትገኝ ትንሽ የውሃ ኤሊ አለች። በመካከል ግድቦችና ፏፏቴዎች ስላሉ ከሰፈራችን የተነሣች ኤሊ ነገ ቱርካና ትደርሳለች ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በጅማ ቦይ ውስጥ የሚጣል ሁሉ የሚሄድበት መንገድ ይህ መሆኑን የሰፈራችን ሰው እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። ቦዬ ራሱ በቂ ሸክም አለበት፤ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ፣ ለጡብ የሚቆፈረው ጭቃ፣ ዳሩን የያዘው ባሕር ዛፍ። ጉማሬዎቹና ወፎቹ ኑሯቸውን የሚገፉት በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ስለ አየሩ ብዙ አሰብሁ። የዚህ ዝርያ ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት ነው፤ በ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ወንዶች፣ ከ31 በላይ ሴቶች ይፈለፈላሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቀዝ ያለች ከተማ በመሆኗ እዚህ ሴት ጫጩት በብዛት አይፈለፈልም ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ይህን ክርክር እንደ መተማመኛ መያዝ ግን አደገኛ ይመስለኛል፤ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ የወንዝ ዳር አፈር ከአየሩ ይልቅ ይሞቃል፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ በወረድን ቁጥርም ቆላው ይጀምራል። ሌላው ወራሪ፣ የውሃ አረሙ እምቦጭ፣ ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ለመንቀል የወጣውን ሕዝብ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል።

ከዚህ በኋላ ምን እናድርጋት ወደሚለው መጣን፤ መልሱ እንዳሰብሁት አልተገኘም። ጉዳዩ ይመለከተዋል ወዳልነው አንድ መሥሪያ ቤት እናትየውና እኔ ሄደን ነበር፤ የተቀበሉን በአክብሮት ቢሆንም እንዲህ ያለ እንስሳ የሚረከብ ክፍል እንደሌላቸው ነግረው መለሱን። አንድ ዘመዳቸው ለሆቴል ፏፏቴ እንስጣት አለ፤ የሆቴል ኩሬ በክረምት ሞልቶ የሚፈሰው ወደ መንገድ ቦይ፣ ቦዩም ወደ አዌቱ ስለሆነ ይህ ከመልቀቅ የሚለየው በቀናት ብቻ ነው። በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንድትሞት ማድረግም በሌሎች አገሮች የሚሠራበት መንገድ መሆኑን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አያትየውም «መምህር፣ ይህን ቤታችን ውስጥ ደግመው አያንሡት» አሉኝ። አላነሣሁትም። የቀረው እዚያው በአግባቡ ማኖር ብቻ ነበር፤ ለዚያም ቤተሰቡ ጊዜና ብሎኬት መግዣ ያስፈልገው ስለነበር ሳፋው ለጊዜው ቀጠለ። እኔም አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ሳፋው ጎመን በሚታጠብበት ቧንቧ ሥር እንዳይታጠብ፣ የነካትም ሁሉ እጁን በሳሙና እንዲታጠብ።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ በጣለበት ሌሊት፣ ኤሊዋ ጠፋች። የሳፋው ከንፈር ከጀርባዋ ከፍታ እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ስለነበር ድንጋዩን ተወጣጥታ ወጥታለች። ጠዋት በጭቃው ላይ ያየነውን ዱካ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በሁለት ረድፍ የጥፍር ጭረት፣ በመካከሉ ሆዷ የጎተተው ሰፊ ልስላሴ፣ ከበረንዳው ደረጃ በአጥሩ ሥር አልፎ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል። የሰፈሩ ቁልቁለት ወደ አዌቱ ነው። ዱካው ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ሲቃረብ ጎርፉ አጥቦት ጠፋ። ቦዩን በሁለቱም በኩል ከልጆቹ ጋር ስንፈትሽ ዋልን፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልጅ እንደጠፋበት ሆኖ ረዳን። በማግሥቱ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከቤቱ አርባ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ካለ ግቢ የጎመን መደብ ውስጥ፣ ልጅቷ ራሷ አገኘቻት። ወደ ቦዩ የሚቀራት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

ኤሊዋ የሸሸች መስሎን ነበር፤ ሁኔታዋ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የኋላ እግሮቿ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበሩ፣ ከኋላዋም አፈሩ እንደ ተጠቀጠቀ ክዳን ጠፍጥፎ ይታያል። በማንኪያ ቀስ ብለን ስንከፍት የእንስራ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ዘጠኝ ነጭ፣ ሞላላ፣ ቅርፊታቸው ሲጫኑት እንደ ቆዳ የሚረግብ እንቁላሎች ተደርድረዋል። የዚህ ዝርያ ሴቶች ውሃ ትተው በየብስ የሚጓዙት በዋናነት ለዚህ ነው፤ የምትጥልበት አፈር እስክታገኝ ብዙ ርቀት የምትሄድ አለች። ወንድ ያላገኘች ሴትም እንደ ዶሮ ዘር የሌለው እንቁላል ትጥላለች። ያም ሆኖ በግምት ላለመተው እንቁላሎቹን በአሸዋ በተሞላ ካርቶን ሦስት ሳምንት ያህል ቤቴ አቆየኋቸው፤ ዘር ያለው እንቁላል በጥቂት ቀን ውስጥ በአናቱ ላይ ነጭ ነጥብ እያወጣ ይሄዳል፣ በስልክ መብራት ሲታይም የደም ሥር ይለያል። ከዘጠኙ በአንዱም አልታየም፤ ከዚያ ጎደጎዱና ሻገቱ። ልጅቷ በየሁለት ቀኑ እየመጣች መብራቱን የምትይዝልኝ እርሷ ነበረች።

ያቺ ሌሊት እኔ በቃል ካስረዳሁት ሁሉ የበለጠ አስረዳች። በሚቀጥለው ሳምንት የልጅቷ አባት ግንበኛ ጠርቶ በጓሮው በኩል በአራት ረድፍ ብሎኬት ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ቅጥር አሠራ፤ ግንቡ ከመሬት በታችም አንድ ረድፍ ይወርዳል፣ ከላይ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ አለው። በመሐሉ በሲሚንቶ የተለሰነ ጎድጓዳ ገንዳ፣ መሞቂያ ጉማጅ እንጨትና ለእንቁላል የሚሆን የአሸዋ ክምር ተደርጓል። የገንዳው ውሃ ሲቀየር በቱቦ ወደ ጫቱና ቡናው ሥር እንጂ ወደ ቦይ አይሄድም። ሰኔና ሐምሌ ላይ ጎርፉ የታችኛውን ረድፍ ስለነካው አንድ ረድፍ ብሎኬት ተጨመረ። ከመሠራቱ ወዲህ አልወጣችም።

የቀረን ጊዜው ነበር። ኤሊዋ ገና ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ልጅቷ አሥራ አንድ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባም፣ ስታገባም ኤሊዋ ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሳለ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን፤ ቤተሰቡ ቤት ቢለውጥ፣ ቢሸጥ ወይም ማሳደግ ቢያቅተው ኤሊዋ ለእኔ ትሰጣለች፣ እኔ ባልኖር ለትልቁ ልጄ፣ በምንም ምክንያት ግን ወደ ውሃ አትለቀቅም፣ ለሌላ ቤትም ያለ ቅጥር አትሰጥም። አክስቲቱም ከዱባይ በስልክ ተነግሯት ሌላ እንደማታመጣና አብረዋት ለሚኖሩት እህቶችም እንደምትነግር ቃል ገባች። አያትየው ማንበብ ስለማይችሉ ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ አድምጠው ሲጨርሱ «አጅሩ እዚህም አለ» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ሆኖ አንዱ በእነርሱ ቤት ቁምሣጥን፣ አንዱ በእኔ መሳቢያ ይገኛል። በዚያው ቀን ስለካት የቅርፊቷ ርዝመት 21 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነበር።